የሚያውቅሽ ሰው አምጪ

አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳስቀምጥ ቀይ መብራት በራ። አነሳሁት፣ በቀሚሴ ጠረግኩት፣ እንደገና አስቀመጥኩት። ቀይ።

«እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት» አለች ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ገንዘብ ከፋይ።

«እማማሽ ቤትሽ ናቸው። እኔን እትዬ በይኝ» አልኳትና ጫን አደረግኩት። ቀይ። በግራው ሞከርን፤ ቀይ። ልጅቷ እጇን በመስኮቱ ሥር አሾልካ ጣቴን በሶፍት ጠራረገችና ራሷ ተጫነችው። ማሽኑ ግን እንደ አማት ፊቱን አልፈታም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው በአፍንጫው መተንፈስ ጀመረ።

«ሥራዎ ምንድነው፣ እትዬ?»

«አጣቢ ነኝ።»

«እንግዲያው እሱ ነው» አለች። «አሻራዎ ጠፍቷል።»

ጣቴን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። እውነቷን ነው። ታሽቶ ታሽቶ የቀረ የሳሙና ስባሪ ይመስል ልሙጥ ብሏል። ለካ የሰው አንሶላ ስፈትግ በረኪናው የእኔንም ጣት አብሮ ሲያጥበው ኖሯል።

«ጣቴ ቢጠፋ እኔ አልጠፋሁ። ይኸው መታወቂያዬ፣ ይኸው ፊቴ።»

«መታወቂያ ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡ የተከፈተው በአሻራ ነው፤ ፊርማ የለውም።»

ፊርማ የሌለው እኔ ስለሌለኝ ነው። ፊደል እለያለሁ፣ ቀስ ብዬም እጽፋለሁ። ስፈርም ግን የዛሬው ከትናንቱ አይገጥምልኝም። ያኔ ሒሳቡን ስከፍት «ጣትሽ ይሻላል፣ ጣት አይለወጥም» ብለውኝ ነበር።

ገንዘቡ በማግስቱ ከምሳ በፊት ካልወጣ ሥራዬ አለቀለት። የምሠራበት ሆቴል የማጠቢያ ክፍሉን አፍርሶ መኝታ ሊያደርገው ነው። ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ይሸጣል፤ ማሽኑን የገዛ ሰው አንሶላውንም ፎጣውንም ወደ ራሱ ቤት እየወሰደ ያጥባል። እኔ ከጓሮዬ የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ፤ ውኃም መብራትም ገብቶላታል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ስለሚያውቀኝ፣ «እስከ ነገ ምሳ ድረስ ላንቺ እይዘዋለሁ» አለኝ። «ከዚያ ካለፈ ግን ከመንገዱ ማዶ ላለው ላውንደሪ ነው የምሰጠው። ሰውዬው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ በኋላ እንዳትቀየሚኝ።» ላውንደሪው ማሽኑን ወሰደ ማለት አንሶላውን ወሰደ ማለት ነው። አንሶላው ከሄደ ደግሞ እኔና እሳቷ ገንዳችንን ደፍተን ቁጭ ነው። እሳቷ ከጎኔ የምታጥበው ጓደኛዬ ናት። ይህን ስም ያወጣንላት አፏን አይተን ነው።

«እሺ፣ ስንት እንዳለኝ እንኳ ንገሪኝ» አልኳት ልጅቷን።

በቁራጭ ወረቀት ጽፋ አሳየችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ቀሪው እዚያ የተጻፈ መስሎኝ።

«ጎድሏል።»

«የጎደለ የለም እትዬ። የአገልግሎት ክፍያ ነው የተቆረጠው። በየወሩ የሒሳብ ማንቀሳቀሻ አለ፣ የስልክ መልእክት አለ፣ የካርድ አለ።»

«እኔ መቼ አንቀሳቀስኩት? ተቀምጦ እንዲያድር አይደል የሰጠኋችሁ? ደግሞ የምን ካርድ ነው?»

መሳቢያዋን ሳበችና የታሸገ ፖስታ አወጣች። «ሒሳብ ሲከፍቱ የታዘዘልዎ ነው። መጥተው አልወሰዱትም።»

«ያልወሰድኩትን ነው የምታስከፍሉኝ?»

«ካርዱ ግን ተሠርቷል።»

«መልእክቱስ?»

«ገንዘብ ሲገባ ስልክዎ ላይ ይላካል። ቁጥርዎ ይህ አይደለም?»

ቁጥሩን አየሁት። የድሮ ስልኬ ነው። ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ከሆቴሉ ፎጣ ጋር ታጥቦ፣ ከሞተ ቆይቷል። «ልጄ» አልኳት፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ለሬሳ ነው ስትልኩ የኖራችሁት።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የእኔው እንቁላል በእግሩ ሄዶ እዚያው ባንክ ቤት ቀርቷል።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ያድርጉ» አለችኝ። «የሚያውቅዎ ሰው ያምጡ። እዚሁ ቅርንጫፍ ሒሳብ ያለው፣ መታወቂያውን ይዞ ‹አውቃታለሁ› ብሎ የሚፈርምልዎ። እርስዎ መሆንዎ ካልተረጋገጠ ከዚህ ሒሳብ አንድ ሳንቲም አይወጣም።»

አንጀቴን ያሳረረኝ ይኼኛው ነው። ያን ባንክ የመረጥኩት ማንም ስለማያውቀኝ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ የቁጠባና ብድር ማህበር እያለ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣ ፀሐይ እየበላኝ፣ ከተማውን አቋርጬ የምሄደው ለምን ይመስላችኋል? ከወንድሜ ለመደበቅ ነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው፣ ሹፌር ነው። የእኔ እጅ ገንዘብ ሲነካ እሱ አፍንጫው ይበላዋል መሰለኝ፤ የደመወዝ ለት ማታ በሬን ያንኳኳል። አንዴ ባትሪ፣ አንዴ ፍሬን፣ አንዴ ጎማ። የዚያችን መኪና ግማሽ ጎን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ተሳፍሬባት ግን አላውቅም። ሌባ አይደለም፤ ይጠይቃል። ከሌባው የሚከፋው መጠየቁ ነው፤ ሌባን በር ይዘጉበታል። እናም የማህበሩ ገንዘብ ያዥ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ።

እሳቷ የማህበሩ አባል ናት። ገንዳ ላይ በተጎነበስን ቁጥር ትነዘንዘኝ ነበር። «ማህበሩ አንቀሳቀስሽ፣ አላንቀሳቀስሽ ብሎ አይቆርጥብሽም። መግቢያሽን አንዴ ከከፈልሽ በቃ። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ከትርፉ ይደርስሻል።»

«ለወንድሜም ይደርሰዋላ» እላታለሁ። «ለጅብ ሥጋ አደራ!»

«አንቺ አታውቂውም። የሰው ገንዘብ ሲይዝ እጁ ብረት ነው።»

«የራሱን ሲይዝ ወንፊት የሆነ ሰው?»

እሷም ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፤ አንሶላውን ከሁለት ጫፍ ይዘን እንጨምቃለን። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ያን ቀን ከባንክ ተመልሼ የሆነውን ስነግራት ግን አልሳቀችም። እጇን ከአረፋው አወጣችና በሽርጧ ጠረገች።

«ሰውዬው እስከ ነገ ምሳ ነው ያለሽ?»

«እስከ ነገ ምሳ።»

«እዚያ ባንክ ሒሳብ ያለው ማን እናውቃለን?»

«ማንም። እሱን ብዬ አይደል የሄድኩት!»

እሳቷ ሽርጧን ፈታች። እሷ ሥራ ላይ ሽርጥ ስትፈታ ነገር አለ ማለት ነው። «ማህበሩ ያጠራቀመውን የሚያስቀምጠው እዚያ ባንክ ነው» አለች በመጨረሻ። «የሚፈርመው…»

«አትጨርሺው።»

«ገንዘብ ያዡ ነው።»

«አትጨርሺው አላልኩሽም?»

መጀመሪያ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። የማህበሩ ስብሰባ በዚያው ቀን ከሰዓት ነበር። እሳቷ አንገቴን ይዛ ወሰደችኝ ማለት ይቻላል። የሚሰበሰቡት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለች ረጅም ክፍል ነው፤ ሰዉ በየአግዳሚው ተደርድሯል፣ ወለሉ ላይ የገባ የእንጨት ብናኝ ጫማ ላይ ይለጠፋል። ከፊት ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የብረት ሣጥን፣ ከሣጥኑ ኋላ ወንድሜ። መነጽር አድርጓል። ወንድሜ መነጽር እንዳለው አላውቅም ነበር።

አንዲት ሴት ወደ ሣጥኑ የሚገባውን ገንዘብ ሰጠችው። ቆጠረ፣ ደገመ፣ ደረሰኝ ጻፈ፣ አስነበባት። ከዚያ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ጸሐፊው ልብስ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለችውን ሜትር ስብሰባ ላይም አያወልቃትም።

«ጉዳይ ያለው ሰው ቆሞ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚናገረው» አለ። የማህበሩ ልማድ ነው። ማን ምን ያህል ተበደረ፣ ለምን ተበደረ፣ ማን ዋስ ሆነ፣ ሁሉ በአደባባይ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ገንዘቤን ከአንድ ሰው ስደብቅ ኖሬ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው፣ በዚያው በአንዱ ሰው ፊት ልናገር ነው።

ቆምኩ። የማሽኑን ነገር ተናገርኩ፤ ብድር ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኩ።

«አባል ነሽ?»

«አይደለሁም። ዛሬ ልሁን።»

«ዛሬ መሆን ትችያለሽ። ለመበደር ግን መጀመሪያ ግማሽ ዓመት መቆጠብ አለብሽ። ደንቡ ነው።»

«ነገ ከምሳ በፊት ነው የምፈልገው ጌታዬ፤ ግማሽ ዓመት ምን ያደርግልኛል?»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም እህቴ። ለቸገረው ሁሉ ብንጥሰው ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ያልቸገረው እዚህ የለምና።»

እውነት ተናገረ። እሳቷ ከጎን በክርኗ ወጋችኝ። ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ።

«እንግዲያው ለገንዘብ ያዡ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። ሰው ፊት ነውና እርስዎ አልኩት። «ነገ ጠዋት ባንክ ድረስ መጥተው ያውቁኝ እንደሆነ እንዲመሰክሩልኝ ነው።»

ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ። «የምን ባንክ?»

ነገርኩት።

«አንቺ እዚያ ባንክ ገንዘብ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ስንት?»

ከግድግዳው ወዲያ መጋዙ ቆመ። ተናገርኩ። አንዷ «እሰይ!» አለች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«ባለፈው ስለ ጎማው ስለምንሽ የለኝም አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።» እርስዎው ከአፌ ጠፋ።

«ነበረሽ ግን!»

«ስለነበረኝ ነዋ የለኝም ያልኩህ! ባይኖረኝማ ምን አስዋሸኝ?»

አግዳሚው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ጆሮው ቀላ፤ እናታችን ፊት ሲገረፍም መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነበር። የሣጥኑን ክዳን ዘጋና ቁልፉን አዞረ። «ይሄ የማህበር ጉዳይ አይደለም» አለው ጸሐፊውን። «ቀጥል።»

ሰው ሲበተን በር ላይ ጠበቅኩት። «ባንኩ ገና ሲከፈት እዚያ እሆናለሁ» አልኩት።

«አያለሁ» አለ ሳያየኝ። እሱ «አያለሁ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያበደርኩትን በጠየቅኩት ቁጥር «አያለሁ» ነው የሚለኝ።

በነጋታው ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ተገትሬያለሁ። ዘበኛው ከፈተ፤ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ወንድሜ የለም። የገባው ሰልፍ አልቆ ሌላ ሰልፍ ቆመ። ወንድሜ የለም። ስልኬ ጮኸ፤ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነው።

«የላውንደሪው ሰውዬ መጥቷል» አለኝ በሹክሹክታ። «በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው። አለሽ አይደል?»

«አለሁ። ሻዩን ድገመው።»

«ሁለተኛውን ነው የያዘው።»

ስልኩን ዘጋሁ። በሆዴ እየተሳደብኩ ወደ መኪና መንገዱ ስወጣ ያቺ የማውቃት ሞተር ስትንኳኳ ሰማሁ። ወንድሜ መኪናዋን ጥግ አቁሞ ወረደ፤ ልብሱን ለውጧል፣ ጺሙንም ተላጭቷል። ፊቱን ግን እንደ ትናንቱ አጥፎት ነው የመጣው። ሰላምታ የለም። ተከታትለን ገባን።

ልጅቷ ስታየኝ ፈገግ አለች። ወንድሜንም ታውቀዋለች፤ የማህበሩን ገንዘብ ይዞ ሲመላለስ። መታወቂያችንን ተቀበለችና፣ «እሺ ጋሼ» አለችው፣ «እኚህን ሴት ያውቋቸዋል?»

ወንድሜ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«እኔ ገንዘብ ያላት እህት የለችኝም» አለ። «ይህችን ሴትዮ አላውቃትም።»

በእኛ ቤት እንዲህ ማለት ቂም ነው፤ ቀልድም ነው፤ መልሱ «ምን አባህ» ነው። ልጅቷ ይህን ከየት ታምጣው? ፈገግታዋ ጠፋ። መታወቂያዬን ወደ ራሷ ሳበችው፣ ከወንበሯ ተነሳች፣ ወደ ኋላ ሄደች። ዘበኛው ከበሩ ለቀቅ ብሎ ወደ እኔ ሁለት እርምጃ ቀረበ።

«ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ቀልዴን እኮ ነው» አለ። ትናንት ቀልተው የነበሩት ጆሮዎቹ አሁን አመድ መስለዋል።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ክራቫቱን የጠበቀ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ወደዚህ» አለኝ። ድምፁ መለስለሱ ነው ያስፈራኝ።

«እህቴ ናት» አለ ወንድሜ። «ስቀልድ ነው።»

«እዚህ ቤት አይቀለድም ጋሼ። አሁን አላውቃትም ብለዋል። ይፈርሙና በኋላ ሌላ ሰው ‹ገንዘቤ ተወሰደ› ብሎ ቢመጣ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። እህትዎ ናት ወይስ አይደለችም?»

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ አለ። ወንድሜ ብዕሩን አየ፣ እኔን አየ። ያኔ ነው ነገሩ የገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። የእኔ ማሽን፣ የእኔ አንሶላ፣ የእኔና የእሳቷ እንጀራ በሙሉ በእሱ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ስለ ጎማው አስቢበት» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጎማ የለም» አልኩ ባንኩ ሁሉ እንዲሰማ።

«ብድር ነው እኮ የምልሽ…»

«ጎማ የለም! መታወቂያዬን ስጡኝ፤ ልሂድ። ማሽኑም ይቅር፣ ገንዘቡም እዚሁ ይቅር።»

ግትር ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው። የላውንደሪው ሰውዬ ሁለተኛ ሻዩን ሲጨርስ በዓይኔ ይታየኛል። ግን አንዴ አፌ ጎማ የለም ካለ የለም ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሊያረጋጋኝ ብሎ፣ «ገንዘቡ እንደሆነ የትም አይሄድም፣ እትዬ» አለኝ።

«ይሄዳል እንጂ! በየወሩ እየተቆረጠ ይሄዳል። ላልወሰድኩት ካርድ፣ ለሞተ ስልክ!»

«ምን አልሽ?» አለ ወንድሜ።

«ይቆርጡብኛል አልኩሃ።»

«ያልወሰድሽው ካርድ?»

«ከነፖስታው መሳቢያቸው ውስጥ አለልህ።»

ወንድሜ የደረት ኪሱን ዳበሰ። መነጽሩን አውጥቶ አጠለቀ። ከዚያ በኋላ ያ ጎማ ለማኙ ሰውዬ አልነበረም፤ ከብረት ሣጥኑ ኋላ የተቀመጠው ነው። «ዝርዝሩን አምጡ» አለ። «ማህበሩንም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጋችሁታል። ዝርዝሩን አሳዩኝ።»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች ልጅቷ ከኋላ፣ «የሒሳቡ ባለቤት ዘመድ መሆንዎ ሳይረጋገጥ…»

«እህቴ ናት አልኩሽ እኮ!» ጮኸ። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። «ከአንድ ማሕፀን፣ ከአንድ አባት! በልጅነቷ በጀርባዬ አዝያት የዞርኩ፣ ጭንቅላቴን በድንጋይ የፈነከተችኝ፣ ይኸው ጠባሳው! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ልፈርምልሽ?»

ሥራ አስኪያጁ ጠባሳውን አየ። ሁለቱን መታወቂያዎች ጎን ለጎን አድርጎ የአባታችንንና የአያታችንን ስም አየ። ወረቀቱን ገፋ አደረገለት። «ይፈርሙ» አለ።

ፈረመ። እንደ ተናደደ፣ ወረቀቱን ሊቀድ እስኪደርስ ፈረመ። ስለ ጎማው ረስቶታል።

ከዚያማ ማን ያስቁመው። ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ሥራ አስኪያጁም የዋዛ አልነበረም። «የወሩ ክፍያ ሲከፈት የተስማሙበት ነው፣ አይመለስም» አለ። «የመልእክቱም፣ ቁጥርዎን ሲቀይሩ ማስታወቅ ነበረብዎ።» ወንድሜ አንገራገረ፤ ግን እዚያ ላይ ተረታ። የካርዱን ግን ያዘው፤ ፖስታውን አንስቶ ማሸጊያውን አሳያቸው። ሥራ አስኪያጁ ፖስታውን ገለባብጦ አየውና ልጅቷን፣ «የካርዱን መልሺላቸው» አላት።

ገንዘቡን ስቀበል ለማሽኑ ዋጋ አሁንም ይጎድል ነበር። ለመጨቃጨቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ከጡት መያዣዬ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

«ግቢ» አለኝ ወንድሜ የመኪናዋን በር በጉልበቱ እየገፋ እየከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈርኩባት። የረዳሁበትን ባትሪ፣ የረዳሁበትን ፍሬን እያሰብኩ ነበር የሄድኩት። ስልኬ እየጮኸ ነበር፤ አላነሳሁትም። የሆቴሉ ጣሪያ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ከሥራችን አንድ ነገር «ቧ!» አለ። መኪናዋ ወደ ግራ አነከሰች፤ ወንድሜ መሪውን ታግሎ ታግሎ ጥግ አስያዛት።

ወርደን አየነው። ጎማው ፈንድቷል፤ ሽቦው እስኪወጣ ድረስ አልቆ ኖሯል።

«ጎማ!» አለ ወንድሜ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። «ጎማ አላልኩሽም?»

ምን እላለሁ? ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ሮጥኩ። ከኋላዬ፣ «በግራ በኩል በይ፣ አቋራጭ ነው!» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ገንዘቤን በአንድ እጄ ደረቴ ላይ ይዤ፣ የሚያየኝ ሰው ልቧን ያመማት ሴት ናት ብሎ መንገድ እየለቀቀልኝ ሮጥኩ።

የላውንደሪው ሰውዬ ተነስቶ ቆሟል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፉን በእጁ ይዟል። እሳቷ ደግሞ ከማሽኑ ፊት ወንበር አስቀምጣ፣ እግሯን አንፈራጣ ተቀምጣለች። «ተነሺ ብላት አልነሳም አለች» አለኝ ኃላፊው። «‹ከነወንበሬ አንሱኝ› ነው የምትለው።»

ገንዘቡን አወጣሁ። ቆጠረና ቀና አለ። «ይጎድላል።»

«አውቃለሁ። የጎደለውን ባንኩ በልቶታል። በጎደለው ፈንታ የጠረጴዛ ልብሶቹን በሙሉ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ እስኪበቃችሁ ድረስ በነፃ አመጣለሁ።»

የላውንደሪው ሰውዬ፣ «የእኔ ሙሉ ነው» አለ።

«የእርስዎ ሰው የወይን እድፍ ማስለቀቅ ይችላል?» አለችው እሳቷ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ባለፈው የሠርግ ለት የላክንላችሁን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሮዝ አድርጋችሁ አይደል የመለሳችሁት?»

ኃላፊው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ያን ሮዝ የጠረጴዛ ልብስ እሱም አልረሳውም፤ ሙሽራዋ የጮኸችው እሱ ላይ ነበርና። ሰዓቱን አየ። ወደ መመገቢያው አየ፤ ምሳ ገና አልተደወለም። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ማሽኑ ዛሬ ከጓሮዬ ነው፤ ሲሽከረከር ቆርቆሮው ይርገበገባል። እኔም ማህበር ገባሁ። ያ ባንክ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ደንቡን ነው የሠራው። ሒሳቤን ልዝጋ ስል የመዝጊያም ክፍያ አለው አሉኝ፤ እሱን ከፍዬ ተገላገልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፤ ገንዘብ ከማስቀመጥህ በፊት በየወሩ ምን ትቆርጣላችሁ፣ ላወጣ ስመጣ ምን ትሉኛላችሁ ብለህ ጠይቅ። እኔ ሁለቱንም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ወንድሜ ይሰማ ይሆን ወይ ብዬ ብቻ ነው።

አሁን ገንዘቤ ያለው እሱ እጅ ነው። ስሰጠው መነጽሩን ያደርጋል፣ ቆጥሮ ይደግማል፣ ደረሰኝ ጽፎ ያስነብበኛል። ማታ በሬን አያንኳኳም። በደረሰኝ የተጻፈ ገንዘብ የእህቱም ቢሆን የማህበር ነው ብሎ ያምናል።

ባለፈው ስብሰባ ላይ እሱ ራሱ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣና እንደማንኛችንም ከአግዳሚው ፊት ቆመ። ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ለአራት ጎማ መግዣ ብድር እጠይቃለሁ» አለ። ጸሐፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለና፣ «ዋስ የሚሆን ማነው?» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እሳቷ በክርኗ ወጋችኝ። ወንድሜ ጣሪያውን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። እኔ ቀስ ብዬ ተነሳሁ፣ ቀሚሴን አራገፍኩ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየሁት።

«ይህን ሰውዬ» አልኩ፣ «አላውቀውም።»

ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ጸሐፊው ቀና እንኳ አላለም፤ ስሜን ከስሙ አጠገብ ጻፈና፣ «ቀጣይ» አለ።